እስከ አራት ነጥቡ ድረስ

ሚያዝያ 12

ይድረስ መቀሱን አስቀምጠው ብዕር ላነሱት አባት፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሰላምታው ብቻውን አንድ ገጽ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ አልዘለቅኩትም፤ ጠዋት ጀምሬ ከሻይ በኋላ ነው የጨረስኩት። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። ርዕሰ መምህርታችን መልሱን ለእኔ የመራችው፣ ልጆቻቸውን ሊያመጡ የሚያስቡ ቤተሰቦችን ተቀብዬ አዳሪ ትምህርት ቤታችንን የማስጎበኘው እኔ ስለሆንኩ ነው። ድሮ ሒሳብ አስተምር ነበር፤ አሁን ወሬ አስተምራለሁ ቢባል ይቀላል።

ጥያቄዎችዎን ከመጨረሻው ጀምሬ ልመልስ። ካቶሊክ አለመሆናችሁ አያሳስባችሁ። እኛ ስንጸልይ የጸሎት ቤቱ በር ክፍት ነው፤ የሚገባውም የሚወጣውም በገዛ እግሩ ነው። ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ የሌላ እምነት ልጆች ናቸው፤ ተመርቀው ሲወጡም ከነእምነታቸው ይወጣሉ። እኛን ማስቸገራቸውን ብቻ ነው የሚተዉት።

ታሪካችንንም ጠይቀዋል። ሕንጻው መጀመሪያ የሱፍ መጋዘን ነበር። ሦስት ደናግል ከሌላ አገር በመርከብ መጥተው ሲከራዩት ግድግዳው በግ በግ ይሸት ነበር ይባላል። ዝናብ ሲመታው ዛሬም ትንሽ ይሸታል፤ ይህን ለጎብኚ አልናገርም፣ ለእርስዎ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የሱፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነው የተማሩት። የሱፉ ሚዛን ቆሞበት የነበረው ክፍል ዛሬ ቤተ ሙከራችን ነው። በበራሪ ወረቀቱ ላይ ያዩት ፎቶግራፍ የተነሣው እዚያ ነው።

ደጋግመው ስለጠየቁት ነገር ደግሞ፤ አዎ፣ እውነት ነው። በመተላለፊያው ላይ ማንም አይጮህም፤ በመመገቢያ አዳራሹም ምሳ ሲበላ ማንም ከማንም ጋር አይነጋገርም። ከመሥራቾቹ ጀምሮ የቆየ ልማዳችን ነው። ብዙ ወላጆች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጨማደዳል፤ እርስዎ ግን በደስታ የጠየቁኝ መሰለኝ። ምክንያቱን ቢያጫውቱኝ ደስ ይለኛል።

የወላጆች ጉብኝት በሰኔ መጨረሻ ነው። ልጅቷንም ይዘዋት ይምጡ፤ ተማሪያችን የምትሆነው እሷ ናትና።

በጸሎቴ የማስባችሁ፣
አስጎብኚዋ ሲስተር


ሚያዝያ 25

ለተከበሩ ሲስተር፣ ከነጉልበትዎ እንዴት አሉልኝ?

ደብዳቤዎን ለደንበኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የበጉ ሽታ ላይ ስደርስ ወንበሩ ላይ የነበሩት ሽማግሌ በሳቅ ሲንፈራፈሩ ጆሯቸውን ለጥቂት ነው የሳትኩት። ሚስጥርዎ እንግዲህ ወጥቷል፤ ይቅር ይበሉኝ። ፀጉር ቤት ሚስጥር አያድርም።

ስለ ቤተሰባችን ጠይቀውኛል። ባለቤቴ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ስትሰማ ትውልና ቤት ስትገባ የእኔን ወሬ ትሰማለች፤ የትኛው እንደሚብስባት ፈርቼ ጠይቄያት አላውቅም። ያለችን አንዲት ልጅ ናት። ቤት ውስጥ ጭምቴ ነው የምንላት፤ ሰፈሩም የሚያውቃት በዚሁ ነው። ዘንድሮ አስራ ሦስት ዓመት ሞላት። ትንኝ ብትሞት ቀብሯ ሳይፈጸም ክንፏን የምትመረምር ልጅ ናት። የእናንተን በራሪ ወረቀት እናቷ ከሥራ ቦታዋ ይዛላት መጣች፤ እናንተ ዘንድ የተማረች አንዲት ሐኪም ናት የሰጠቻት። ልጄ ቤተ ሙከራው ውስጥ ያለውን ማይክሮስኮፕ ቆርጣ የቁም ሣጥኗ በር ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ወዲህ ልብሷን ለማውጣት በሩን ከፍታ እዚያው ትቀራለች።

ዝምታው ለምን አስደሰተዎት ላሉኝ፣ ልጄ እንደ ስሟ ጭምት ስለሆነች ነው። ደናግል እርስ በርሳቸው እንደማይነጋገሩ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ትምህርት ቤታችሁም ማንም ማንንም ተናገሪ የማይልበት ቤት ነው ብዬ ገምቼ ነበር፤ እርስዎ ደግሞ አረጋገጡልኝ። ከዚያ በኋላ ምን እጠብቃለሁ? ማመልከቻዋን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ አስተማሪዎቹ ጥያቄ ሲጠይቁ ልጆቹ የሚመልሱት በጽሑፍ ነው? ወረቀት በብዛት እንድንገዛላት ብዬ ነው።

አክባሪዎ፣
ፀጉር አስተካካዩ


ግንቦት 8

ለተከበሩ የሚስጥር ጠላት፣

ማመልከቻው ደርሷል። ልጆቹ በጽሑፍ ነው ወይ የሚመልሱት የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ አምልጦኝ፣ ጎን ካለው ክፍል እህታችን ታመምሽ ወይ ብላ ሮጣ መጣች። ስነግራት እሷም ሳቀች፤ ሳቁ ወጥ ቤት ድረስ ተዛመተ። አሁን እኩል ሆነናል፤ የእርስዎም ሚስጥር ወጥቷል።

ደናግል አይነጋገሩም ያለዎት ሰው አንድ ከሰዓት እንኳ ከእኛ ጋር ሻይ አልጠጣም። ሥራችን ማስተማር ነው፤ ወሬ አያቆሙም ተብለን እንታማ ይሆናል እንጂ አይጀምሩም ተብለን አንታማም። ልጆቹማ ግቢው ውስጥ ሲለቀቁ ወፎቹ ዛፍ ይቀይራሉ። ክፍል ውስጥም ይጠየቃሉ፣ ይመልሳሉ፣ አስተማሪዋን ይከራከራሉ። በአፋቸው።

የምሳው ዝምታ ግን የራሱ ምክንያት አለው። ሁሉም ዝም የሚሉት አንዷ ስለምታነብ ነው። መሥራቾቹ ሲመጡ የመጽሐፍ ሣጥናቸው ወደብ ላይ ውኃ ገባበት። የተረፈው አንድ መጽሐፍ ነበር፤ እሱም ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ። አንድ መጽሐፍ ለሁሉ ስለማይዳረስ፣ ምሳ ሲቀርብ አንዷ ቆማ ታነባለች፣ ሌሎቹ እየበሉ ይሰማሉ። የዚያ ዘመን ተማሪዎቻችን ስለ ንብ የማያውቁት ነገር አልነበረም፤ ስለ ሌላው ነገር እጠራጠራለሁ። በኋላ መጻሕፍት መጡ፤ ዛሬ ቤተ መጻሕፍታችን ከላይም ከታችም ሙሉ ነው። ልማዱ ግን እንዳለ አለ።

አንድ ሕግ አለው። አንባቢዋ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር እስክትጨርስ ማንም ማንኪያ አያነሣም። ይህን ያመጣችው የመጀመሪያዋ የወጥ ቤት ኃላፊ ናት። የማንኪያው ኳኳታ የአንባቢዋን ድምፅ ቢውጥባት ጊዜ ተናደደችና እስከ አራት ነጥቡ ድረስ እጅ ወደ ታች ብላ አዘዘች። እሷ ካረፈች ዘመን ተቆጥሯል፤ ትእዛዟን ግን እስካሁን የደፈረ የለም። ርዕሰ መምህርታችን እንኳ ሾርባዋን እያየች ትጠብቃለች።

አዲስ ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት ተራ በተራ ያነባሉ። ከዚህ የሚቀር የለም። ካነበበች በኋላ አዲስ ገቢ ብሎ የሚጠራት አይኖርም። ወላጆችን ሳስጎበኝ አዳራሹን በመጨረሻ የማሳየው ከሁሉ የምኮራበት እሱ ስለሆነ ነው። ጭምትዎ በመስከረም እዚያ ቆማ እስካያት ቸኩያለሁ።

ሲስተር


ግንቦት 24

ለተከበሩ አባት፣

ምን ሆነዋል? ሰላምታቸው ገጽ የሚሞላ ሰው፣ አሁን ደብዳቤዎ በሙሉ ከመዳፌ አይበልጥም። እንዴት ነሽ እንኳ ሳይሉኝ ጥያቄ ውስጥ ገቡ። ሳቄ አስከፍቶዎት ይሆን ብዬ ተጨንቄያለሁ። ከሆነ ይቅርታዎን፤ ቤታችን ሳቅ ስለሚወድ እንጂ ንቀት አልነበረበትም።

ለጥያቄዎቹ። ሳል የያዛት ልጅ አታነብም፤ ሲለቃት ታነባለች። ሳሉ ዓመቱን ሙሉ ቢቆይስ ላሉት፣ ዓመት የሚቆይ ሳል ያለባት ልጅ ወደ እኛ ሳይሆን ባለቤትዎ ወደሚሠሩበት ሆስፒታል ነው መሄድ ያለባት። የጥርስ ሕመምም እንደዚያው። በልጅቷ ፈንታ አባት መጥቶ ቢያነብስ ላሉት ደግሞ፣ የወጥ ቤት ኃላፊያችንን አማክሬያት ጢሙን በደንብ ተላጭቶ ከመጣ እናስብበታለን ብላለች። እሷ እየቀለደች ነው። እርስዎ ግን የሚቀልዱ አልመሰለኝም።

ከወላጆች ጋር ብዙ ኖሬያለሁ። ወላጅ ስለማይለቅ ሳል ሲጠይቀኝ ነገሩ ሳል ሆኖ አያውቅም። ልጅቷ ምን ሆናለች? ይንገሩኝ። ከእኔ አይወጣም፤ እኔ ፀጉር ቤት የለኝም።

ሲስተር


ሰኔ 3

ሲስተር፣

ሰላምታ ለማሳመር ልቤ አልቆመልኝም፤ ይለፉኝ።

ልጄ አንደበቷ ይያዛል። ትንተባተባለች፤ አፍ ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ። ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ አልወጣም ይላል፣ አንገቷ ይገተራል፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ያን ጊዜ እኔ መቆምም መቀመጥም ያቅተኛል። ጭምት የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ሰው ለምን አታወራም ሲለኝ ጭምት ናት እላለሁ፤ ሰውም ጨዋ ልጅ ብሎ ያመሰግናታል። እርስዎንም እንደዚያው ነው ያልኩዎት።

እዚህ ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ "አቤት" ለማለት ስትታገል ክፍሉ በሙሉ አ-አ-አ እያለ ያጅባታል። መጀመሪያ እጇን ማውጣት ተወች። ቀጥሎ ጓደኛ ተወች። ዘንድሮ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት ጀምራለች። እናቷ ነርስ አይደለች፣ ሆዷን ነካክታ ምንም የለብሽም ትላታለች፤ ከዚያ ከክፍሉ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ስለ እናንተ የሰማሁት በዚህ መሃል ነው። ደናግል፣ ዝምታ፣ ረጅም አጥር። ልጄ ሳትናገር የምትማርበት ቤት ለካ አለ ብዬ ከስንት ጊዜ በኋላ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። አሁን ሲነግሩኝ፣ ሰው ሁሉ ፊት ብቻዋን ቆማ የምታነብበት ቤት ሆኖ አረፈው። ያውም የተራበ ሁሉ እጁን አጣጥፎ አፍ አፏን እያየ። ሲስተር፣ የእሷ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር መቼ ልታልቅ ነው? ሾርባው በረዶ ይሆናል እኮ።

ቤት ውስጥ ችግር የለባትም። ልትናገር ስትጀምር እኔ እጨርስላታለሁ። በሥራዬም ለምጄዋለሁ፤ ደንበኛ "ከጎኑ" ሲል "ሳሳ ይበል" ብዬ እጨርስለታለሁ፣ አልተሳሳትክም ይለኛል። ልጄም ከእኔ ጋር ስትሆን አትደክምም። እናንተ ዘንድ ግን እኔ የለሁም።

ስለዚህ ማመልከቻዋን ይመልሱልኝ። ለእሷ ገና አልነገርኳትም፤ ቦታው ሞልቷል እላታለሁ። ማይክሮስኮፑ አሁንም የቁም ሣጥኑ በር ላይ ነው። እሱን ከዚያ ላይ ማን እንደሚነቅለው አላውቅም፤ እኔ እጄ አይታዘዝልኝም።

ስለ ትዕግሥትዎ እግዜር ይስጥልኝ።


ሰኔ 11

ልጄ፣

እስካሁን እርስዎ ስልህ ነበር። ዕድሜዬ ይፈቅድልኛልና ከእንግዲህ አንተ ልበልህ፤ የምጽፈው ነገር በእርስዎ አልወጣልኝ አለ።

ማመልከቻውን አልመለስኩም። ርዕሰ መምህርታችን ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። አንሺልኝ ብላ አመልካቿ ከጻፈችልኝ አነሣዋለሁ፤ አመልካቿ ደግሞ አንተ አይደለህም።

ደብዳቤህን ጸሎት ቤት ይዤው ገባሁ። የጠዋቱን የሆድ ሕመም ያነሣህበት ቦታ ስደርስ ማንበብ አቅቶኝ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። እንደ አንተ ያለውን አባት ያብዛልን፤ ይህን ከልቤ ነው የምልህ። ቀጥሎ የምለውም ከልቤ ነውና አትቀየመኝ።

ልማዱን አላስቀርላትም። እሷን ብቻ ነጥዬ ባስቀራት፣ ያላነበበችዋ ልጅ ተብላ እስክትመረቅ ትጠራለች፤ ያ ደግሞ ከ አ-አ-አ ይብሳል። ማንም አይስቅባትም ብዬም አልምልልህም። ልጆች ናቸው፣ ሊስቁ ይችላሉ። ያየሁትን ብቻ ልንገርህ። እዚያ ቦታ ቆማ ሳቅ ይዟት መጽሐፉን የጣለች አይቻለሁ። መስመር ዘላ፣ ተመልሳ፣ ያንኑ ሁለቴ ያነበበች አይቻለሁ። ከፍርሃት ብዛት ገጹን ፊቷ ላይ ለጥፋ ለመጽሐፉ ብቻ ያነበበችም ነበረች። ማንኪያ ከአራት ነጥቡ በፊት ሲነሣ ግን አላየሁም። የሚቆጣጠራቸው ኖሮ አይደለም። እያንዳንዷ እዚያ ቦታ ቆማ ታውቀዋለች።

አሁን የመጠየቅ ተራው የእኔ ነው። ልጅቷን ጠይቀሃታል? ሳሉንም፣ ጥርሱንም፣ ቦታው ሞልቷል የሚለውንም ያሰብከው አንተ ነህ። በደብዳቤዎችህ ሁሉ የእሷ ቃል አንዲት የለችም። ቁጭ አድርገህ ስለ አዳራሹ ምንም ሳትቀንስ ንገራት። ከዚያ ምን ትያለሽ በላት። ከዚያ፣ ከባዱ ይኼ ነው፣ ዝም በል። ቃሉ ቢያዝባት አብረሃት ቁም። ብታውቀው እንኳ አትጨርስላት። እሺም ብትል እንቢም ብትል የእሷ ከሆነ እቀበላለሁ።

ሲስተር


ሰኔ 17

እናቴ ሲስተር፣

እንዳዘዙኝ አደረግሁ። ፀጉር ቤቱን ዘጋሁና እሷን የደንበኛ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፤ እኔ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። እናቷ በሩ ጋ ቆመች። እኔን ለመጠበቅ ነው የቆመችው፤ አፌ ሲከፈት ዓይኗን ልታፈጥብኝ።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ንቡን፣ ማንኪያውን፣ አራት ነጥቡን። እግሯን እያወዛወዘች ሰማችኝ። ምን ትያለሽ አልኳት። ጀመረች፣ የመጀመሪያው ቃል ላይ ተያዘች። አንገቷ ተገተረ። እኔ ቃሉን አውቄዋለሁ፤ ይቅርብኝ ልትል ነው። ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ባለቤቴ አፈጠጠች። ሲስተር፣ ጉልበቴን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ምላሴን ነክሼ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደክሞኝ አያውቅም። ሰው ጭንቅ ውስጥ ቆሞ እያየህ አለመርዳት ምን ያህል ይከብዳል።

ሲወጣ ይቅርብኝ አይደለም።

"ሾርባው ቢቀዘቅዝም ይጠብቁኛል?" ነው ያለችው።

በዚያ አላበቃችም። የገበታውን ነገር አነሣችብኝ። ገበታ ላይ ልትናገር ስትጀምር እኔ ዳቦ ነው ብዬ ዳቦ አቀብላታለሁ፤ ዳቦ ፈልጋ ግን አልነበረም። አንዳንዴ ስለ ትምህርት ቤት ልትነግረን ነበር፤ አንዳንዴ እናቷን ልትጠይቃት ነበር። ደስ እንዲለኝ ብላ ዳቦውን ትበላዋለች። ልጄ ያልጠየቀችውን ስንት ዳቦ በልታለች? እናቷ በሩ ጋ ሆና ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ ወረደ። እኔም የቱን እንደማስቀድም ጠፋኝ።

የሚጠብቁኝ ከሆነ እሄዳለሁ ብላለች። ይጠብቋታል ወይ? እርስዎ ይመልሱላት።

ልጅዎ


ሰኔ 21

ልጄ፣

ይጠብቁሻል ብዬ ለመጻፍ ቀለም አያጥረኝም። እሷ የጠየቀችው ግን እኔን አይደለም፤ ልጆቹን ነው፣ እኔ ደግሞ በእነሱ ፈንታ መልስ የለኝም።

እውነቱን ልንገርህ፣ ተማሪዎቹን ሰብስቤ እንዲህ ያለች ልጅ ልትመጣ ነውና ተጠንቀቁ ልላቸው ተነሥቼ ነበር። ደረጃው ላይ ጉልበቴ ሲያስቆመኝ አሰብኩበትና ተመለስኩ። አስጠንቅቄያቸው ቢጠብቋት የታዘዙት ለእኔ ነው የሚሆነው። እሷም ይህን ማወቋ አይቀርም፤ አንተ እንደምትጽፍልኝ ከሆነ ከአንተ ይልቅ ብልህ ናት። ስለዚህ ለማንም አልነገርኩም፣ ወደፊትም አልነግርም።

ለጉብኝቱ ይዘሃት ና። ምሳ ከእኛ ጋር ብሉ። አንዷ ስታነብ ትይ፣ ልጆቹንም ትይ፣ ከዚያ ራሷ ትቁረጥ። አንተም ማንኪያህን ቶሎ እንዳታነሣ፤ የወጥ ቤት ኃላፊያችን ጢምህን ለማየት ስትጠብቅህ ከርማለች።

ሲስተር


ጥቅምት 5

ለትዕግሥተ ቢሱ ልጄ፣

ልጅህን አድርሰህ ከተመለስክ ወዲህ የጻፍክልኝ ደብዳቤ መሳቢያዬን ሞልቶታል፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። መልሴም አንድ ነው። አነበበች ወይ፣ ጠበቋት ወይ ለሚለው ምንም አልነግርህም።

የጨከንኩብህ መስሎህ ይሆናል። ልጅህ አደራ ብላኛለች። ስለ ሽንኩርት ቅርፊትና ስለ ማይክሮስኮፑ በየሳምንቱ ገጽ ሙሉ እየጻፈችልህ ስለ ምሳው አንዲት መስመር የለችበትም ብለህ የምትጨነቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። በጽሑፍ አልነግረውም፣ በአፌ ነው የምነግረው ብላለች። ይህን ስትለኝ ብዙ ቆመናል፤ እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ እንጂ ቃሏን አልነጠቅኳትም። ዝምታዬን በክፉ አትተርጉመው ልልህ ነበር፤ እሱም ፍንጭ ስለሚሆንብኝ ትቼዋለሁ።

አደራ ያልተባልኩበትን ልንገርህ። በደንብ ትበላለች። አልጋዋ መስኮቱ ጋ ነው። ሆዴን አመመኝ ብላ አታውቅም። በር ላይ ስትሰናበታት አውቶቡሱ ሊያመልጥህ እስኪደርስ የደረደርከውን ምክር አንዱንም አልተከተለችም፤ ሹራቡንም አትለብሰውም። በጉብኝቱ ቀን አንተ ማንኪያህ ላይ ስታፈጥጥ እሷ አንባቢዋን ብቻ ስታይ ነበር፣ አስተውለህ እንደሆነ። እኔ ያን ጊዜ ነው እንደምትመጣ ያወቅሁት።

የኅዳር እረፍት ሩቅ አይደለም። ጠብቅ። ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ፤ እሷ አንድም ጊዜ አልጠየቀችኝም።

እናትህ


ኅዳር 19

እናቴ ሲስተር፣

መጣች። ትናንት ከሰዓት እናቷ ከአውቶቡስ ተራ ልትቀበላት ሄደች፤ እኔ ሥራ በዝቶብኝ ነበር። እጄ ላይ የነበረው ሰውዬ ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል፣ አንደኛውን ጉንጩን ላጭቼ ሁለተኛው ቀርቶኛል፣ አግዳሚው ላይም ተራ የሚጠብቁ አሉ። በሩ ተከፈተና ሻንጣዋን እንደያዘች ገባች። ረዝማለች። አቅፌያት ስጨርስ፣ ቤት ሂጂና አረፍ በይ፣ ማታ ታጫውቺኛለሽ አልኳት። እንቢ አለች። ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠችና እዚያው፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት ጀመረች።

አንደበቷ እንዳለ ነው፣ ሲስተር። እንደ ድሮው ይያዛል። አንገቷም ይገተራል። ዓይኗን ግን አልጨፈነችም።

ተራዋ የደረሰው የመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ላይ ነው አለችኝ። መጽሐፉ ስለ አንድ መርከብ ሠሪ ነው። የመጀመሪያው ቃል አልወጣ አላት። ሾርባው ከየሳህኑ ሲተን ታየዋለች፣ ከዚያ መትነኑን ሲያቆም ታየዋለች። ከወደ ኋላ አንዷ ሳቀች፤ ሌላ የተከተላት ግን አልነበረም። መጽሐፉን አስቀምጣ ልትወርድ አስባ ቀና ስትል፣ ፊት ለፊቷ ካለው ጠረጴዛ አንዲት ትንሽ ልጅ ሁለት እጆቿን ከጭኗ ሥር አድርጋ ተቀምጣባቸዋለች። በጣም ስለራባት እጇ እንዳያታልላት ነው። ጎን ያለችው አየቻትና እሷም እጆቿ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ የጠረጴዛው ልጆች በሙሉ። ልጄ ይህን እያየች ቃሉን አወጣችው፤ ቀጥሎ ያለውን፤ ቀጥሎ ያለውን፤ አራት ነጥቡ ደረሰ። ያን ዕለት ሾርባውን በሙሉ ቀዝቅዞ ነው የበሉት። የወጥ ቤት ኃላፊዋ ተናድዳ ነበር አለች፤ እየተነበበ ሳህን ማንሣት ክልክል ስለሆነ ማሞቅ አልቻለችም። ልጄ ገጹን ጨርሳ እንድትቀመጥ ምልክት ሲሰጣት አልተቀመጠችም፤ ምዕራፉን አነበበችው።

ይህን ለመናገር ስንት ጊዜ እንደወሰደባት አልነግርዎትም፤ አላየሁም። የሰውዬው ጉንጭ ላይ አረፋው ደርቆ ነጭ ዱቄት ሆኗል። እሱም አልተነቃነቀም። ያ ወሬ የማይጠግብ አግዳሚ ሁሉ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። እኔ ምላጬን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ፤ አንዲት ቃል አልጨረስኩላትም፣ እናቷን ይጠይቁ፣ እሷ በሩ ጋ ነበረች።

ስትጨርስ ተነሥታ፣ "አባዬ፣ አንተስ? እንዴት ከረምክ?" አለችኝ።

ልመልስ አፌን ከፈትኩ። ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ሌላ ምን አለው? አልወጣም። ሰው ሁሉ ያየኛል፣ እንባዬ ይወርዳል፣ ቃል የለም። እናቷ አሳዘንኳት መሰለኝ ልትመልስልኝ ጀመረች።

ልጄ እጇን አንሥታ አስቆመቻት። ዓይን ዓይኔን እያየች፣ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

ልጅዎ፣
ፀጉር አስተካካዩ